«ጥርስ አጣቢ» ነኝ፤ ከግል ክሊኒክ ወደ ካውንቲው ልዛወር?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከሃያ በላይ መልስ መጥቶበታል፤ አዲስ የሚገባው ሰው ደግሞ ላይ የተመለሰውን ሳያነብ ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጽሑፌን እንዳለ ትቼ፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬአለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። ያጣመምኩበት ሰው ካለ ቁጥሩን ጠቅሶ ያርመኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ ሆኜ በግል ክሊኒክ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። የተማርኩት ስፕሪንግፊልድ ባለው የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ትምህርቱ የሁለት ዓመት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ወደ ክፍሉ ከመግባት በፊት የአካል ጥናት፣ የማይክሮባዮሎጂና የኬሚስትሪ ኮርሶች አሉ። ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ እየሰበሰብኩ ስለተማርኩ በጠቅላላው አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

350 ጥያቄ ያለውን ብሔራዊ ፈተና ካለፍኩ በኋላ የእጅ ፈተናው ቀረ። በእኔ ጊዜ ደንቡ ታካሚሽን ራስሽ ይዘሽ ነይ ነበር። ታካሚውም እንዲሁ ታካሚ አይደለም፤ በድዱ ሥር በቂ የደነደነ ቆሻሻ፣ እኛ ታርታር የምንለው፣ ሊኖርበት ይገባል። አንድ ክረምት ሙሉ የዕድር ስብሰባ ላይ ሰው ሲስቅ አፉን ስመለከት ከረምኩ። በመጨረሻ ታክሲ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ለስምንት ዓመት የጥርስ ሐኪም ደጃፍ አለመርገጡን እያፈረ ነገረኝ። ዘልዬ አቀፍኩት። ፈቃዴን ያገኘሁት በእርሱ መንጋጋ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን የምሠራበት ቦታ ለአንድ ሰው የምሰጠውን አንድ ሰዓት መጀመሪያ ወደ 50፣ ቀጥሎ ወደ 40 ደቂቃ አወረደው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የደም ግፊት እለካለሁ፤ ራጅ አነሣለሁ፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ የድድ ኪሱን፣ በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ጥልቀት በሚሊሜትር እመዘግባለሁ። ሠላሳ ሁለት ጥርስ ላለው ሰው 192 ቁጥር ነው። ከዚያ መፋቅ፣ ማስተማር፣ ወንበሩን አጽድቶ ለሚቀጥለው ማሰናዳት። ስለ ገዛ አፉ ላስረዳው የሚተርፈኝ ጊዜ ውኃ እስኪጉመጠመጥ ድረስ ያለው ብቻ ነው።

ባለፈው ወር በአንድ የካውንቲ፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደር፣ የሕዝብ ጤና ክሊኒክ ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ። ሁለት ቀን ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ሦስት ቀን ደግሞ ታጣፊ ወንበር ይዞ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየዞሩ የልጆችን መንጋጋ ጥርስ መሸፈንና ፍሎራይድ መቀባት። የሰዓት ክፍያው አሁን ከማገኘው በዘጠኝ ዶላር ያንሳል። ጡረታና የቤተሰብ የጤና መድን ግን አለው፤ እኔ ዛሬ ሁለቱም የሉኝም።

ሌላም ነገር አለ። እናቴ ለዘመድ ስትናገር ልጄ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው ብላ ታልፋለች። ጎረቤታችን እትዬ ግን «ጥርስ አጣቢዋ» ይሉኛል። ካውንቲው ከገባሁ ደግሞ የድሆች ጥርስ አጣቢ ልሆን ነው። የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። ልዛወር?

መልሶቹ

መልስ 1 የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በሕዝብ ክሊኒክ የሠራች እህት ናት፤ አጻጻፏ የታረመ፣ ረጋ ያለ። ዘጠኝ ዓመቴን እንኳን ደስ አለሽ ብላ ጀመረችና ወደ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ወሰደችን። በ2007 ዲያሞንቴ ድራይቨር የሚባል የ12 ዓመት ልጅ የተበላ ጥርሱ መግል ያዘ፤ መግሉም ወደ አንጎሉ ዘልቆ ገደለው። ጥርሱን ማስነቀል 80 ዶላር ያህል ነበር የሚያስወጣው። የቤተሰቡ ሜዲኬይድ፣ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የጤና መድን፣ ተቋርጦ ነበር፤ ሜዲኬይድ የሚቀበል የጥርስ ሐኪም ማግኘትም ጭንቅ ነበር። በዓመቱ ሜሪላንድ ባወጣው ሕግ በሕዝብ ጤና ፕሮግራም የሚሠሩ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዎች፣ ሐኪሙ በቦታው ሳይኖር፣ ትምህርት ቤት ገብተው እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። እህቲቱ እንዳለችው የእርሷ የሥራ መደብ የቆመው በዚያ ልጅ ሞት ላይ ነው፤ አዲስ ባልደረባ ሲቀጠርም መጀመሪያ የምትነግረው ታሪክ ይኸው ነው። በመጨረሻ ልዛወር ወይ ለሚለው ጥያቄዬ በአንድ ቃል አዎን ብላ ዘጋች።

መልስ 2 የሒሳብ ሰው መሆን አለበት። የጤና መድኑን፣ ጡረታውንና የበዓል ክፍያውን ወደ ሰዓት መንዝሮ፣ ዘጠኙ ዶላር ወደ ሁለት እንደሚወርድ በሠንጠረዥ አሳየ። ከዚያም በሕዝብ አገልግሎት ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው 120 ወርኃዊ ክፍያ ከከፈለ ቀሪው የትምህርት ዕዳው እንደሚሰረዝለት ጨመረ። መልስ 3 ወዲያው አረመው፤ ያ የሚሠራው ለፌዴራል መንግሥት የተማሪ ብድር ብቻ ነው፤ እርሷ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በእጇ እየከፈለች ስለተማረች ምን ዕዳ አላት ብሎ። ልክ ነው፤ የለብኝም። ይኸው ሰው የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ያወጣውን የሙያውን መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ፣ 87,530 ዶላር፣ ጠቅሶ ከዚህ በታች እንዳልስማማ መከረኝ። ምክሩ መልካም ነው፤ በሰሜን ቨርጂኒያ የቤት ኪራይ ቢሰላ ግን ቁጥሩ እንደ ስሙ አይከብድም።

ነገሩን ያጋለው መልስ 4 ነው። ዘጠኝ ዓመት የሰው አፍ ከመፋቅ በዚያ ዕድሜ የጥርስ ሐኪም ሆነሽ ትወጪ ነበር፤ ማኅበረሰባችን አጣቢ አላነሰውም፤ አንቺ አርባ ደቂቃ ታጎነብሻለሽ፣ ሐኪሙ ሦስት ደቂቃ ገብቶ አይቶ ገንዘቡን ይወስዳል የሚል ነበር መልእክቱ። ሐሰት ቢሆን ባልተቆጣሁ። የመጨረሻው ግን በየቀኑ የማየው ስለሆነ አቃጠለኝ።

5፣ 6 እና 7 በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የተደራረቡት። አንዷ ሐኪም ለመሆን ስምንት ዓመትና ሊከፈል የማይችል ዕዳ እንደሚጠይቅ አስታወሰች። አንዱ ሚስቱ የእኔን ሥራ የምትሠራ ሲሆን፣ ቁጥር 4 አፉ ውስጥ ስንት ጥርስ እንደቀረው ቆጥሮ እንዲያሳውቀን ጠየቀ። ሦስተኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ ስድብ እንዳይኖር አሳሰበ፤ ይሁንና ቁጥር 6ን ሳይሰርዘው ተወው። ስቆ መሆን አለበት።

መልስ 8 ረጅም ነበር፤ ለእኔም ከሁሉ ይልቅ አዲስ ነገር ያመጣው እርሱ ነው። ሙያው ከየት እንደተነሣ ያስረዳል። ብሪጅፖርት፣ ኮነቲከት ውስጥ አልፍሬድ ፎንስ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር። ጥርስ በየጊዜው ከተጠረገ ብዙው በሽታ እንደማይመጣ ስላመነ፣ በ1906 ረዳቱን አይሪን ኒውማንን ጥርስ መጥረግ አስተማራት። በ1913 ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በዓመቱ የተመረቁት 27 ሴቶች ናቸው። ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ የተሰማሩት በከተማዪቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው፤ የልጆችን ጥርስ ሊጠርጉና ብሩሽ አያያዝ ሊያስተምሩ። ስለዚህ ወደ ካውንቲው መሄድ ከሙያው ዝቅ ማለት አይደለም፤ ሙያው ወደተወለደበት ቤት መመለስ ነው ይላል ጸሐፊው። እኔ እነዚህን ስሞች ለፈተና ሸምድጄአቸው ነበር። ነገሩን በዚህ በኩል ያሳየኝ መምህር ግን አልነበረም።

መልስ 9 ጥንቃቄ የሚወድ ሰው ነው። ትምህርት ቤት የተባለው የፎንስ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ እንደነበር፣ ኒውማን የሥጋ ዘመዱ እንደሆነች፣ ፈቃድ ያገኘችውም በ1917 ገና መሆኑን አረመ። መልስ 10 በአንድ መስመር፣ ይህ ሁሉ ለጠያቂዋ ኪራይ ምን ይረባታል አለ። አይረባም፤ ጋራዥ የሚለውን ቃል ሳነብ ግን የሠራሁበት የመኪና ማቆሚያ ታወሰኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

መልስ 11 ከአዲስ አበባ ነው፤ ወጣት የጥርስ ሐኪም ናት። ከዚህ ጀምሮ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። እናንተ ስለ 40 ደቂቃ ታማርራላችሁ ብላ ነው የገባችው። እርሷ እንደምትለው እኛ አገር ጅማ፣ ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ የጥርስ ሐኪም ያሠለጥናሉ፤ በሕዝብ ሆስፒታል ውስጥ ግን ለጽዳትና ለመከላከል ብቻ የተመደበ ባለሙያ እርሷ በሠራችበት አላየችም። ሰው የሚመጣው ሌሊቱን ሲቃትት አድሮ ነው። ተራ ይይዛል፤ ይነቀልለታል፤ ይሄዳል። ድዱ እየደማ ጥርሱ ገና ያልተነቃነቀ ሰው ተሰልፎ አያውቅም፤ ቢሰለፍም ለሚቃትተው ቅድሚያ ይሰጣል። ማጽዳት የግል ክሊኒክ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። እዚያም ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው «የጥርስ እጥበት» ነው፤ ስለዚህ ጎረቤትሽ አልሰደቡሽም፣ ሰሌዳ ነው ያነበቡት አለችኝ። አባባሏ ጎርበጥ ይላል፤ እትዬን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው አድርጌ ማየት ጀምሬአለሁ።

መልስ 12 የጻፉት ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ቀድሞ በገጠር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ። ቁጥር 11ን ልጄ ብለው ጠርተው ያለችው ልክ እንደሆነ፣ በእርሳቸው ዘመን ግን ይባስ እንደነበር ጻፉ። የነበራቸው ጉጠትና አልፎ አልፎ የሚደርስ ማደንዘዣ ነው። ማደንዘዣው ሲያልቅ ሁለት ጎልማሳ ትከሻ ይይዛል። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ያመመውን ጥርስ ካስነቀለ በኋላ፣ ከመጣሁ አይቀር ብሎ አጠገቡ ያለውን ጤነኛውንም አብረው እንዲያወጡለት ለመናቸው፤ ለሚቀጥለው ዓመት መንገድ እንዲቀርለት። እርሳቸው እምቢ አሉ። በዓመቱ ሰውየው ለዚያው ጥርስ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያን ጥርስ ቢያጸዳለትና ቢያስተምረው ኖሮ እያሉ እስካሁን ያስባሉ። ስለ «አጣቢ» የሚለው ክርክር ደግሞ በጸሎተ ሐሙስ ጳጳሱ ጎንበስ ብሎ የሰው እግር ያጥባል፤ ያፈረበት የለም ብለው አለፉ። ከዚህ በታች አሜን የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ ቁጥር አልሰጠኋቸውም።

ይሁንና አባታችን በመጨረሻ መፋቂያን አነሡ፤ ክሩም በዚያ ሾለከ። 13 ወይራን የሚያህል የለም አለ። 14 የልምጭን ሽታ የማያውቅ ሰው ስለ መፋቂያ አይናገር ብላ ተቆጣች። 15 ደግሞ ክትክታን ጠቀሰና የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ መፋቂያ በተለመደበት አገር ይቀጥል ብሎ መክሯል ብሎ አስታረቃቸው። እኔም እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። መፋቂያ አዘውትረው የሚጠቀሙ ሰዎችን አፍ አይቻለሁ። የፊት ጥርሳቸው ያስቀናል፤ ችግሩ የኋለኛው መንጋጋ የውስጥ ጎን ነው፤ እንጨቱ እዚያ አይደርስም። ክራንቻው ላይ ደግሞ ከመጠን በላይ ስለሚታሽ ድዱ ይሸሻል። ማታ በብሩሽ፣ ቀን በመፋቂያ ብያለሁ። 14 አልተቀበለችኝም።

መልስ 16 ከእስራኤል፣ የሙያ እኅት ናት፤ እዚያ ሺናኒት ይሏታል። የልጆች የጥርስ ሕክምና በ2010 እስከ ስምንት ዓመት ላሉት በኩፓት ሆሊም፣ በጤና መድን ድርጅቶቹ፣ በኩል እንዲሰጥ ተደርጎ፣ ዕድሜው ቀስ በቀስ ወደ ዐሥራ ስምንት ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ የሚመጡላት ልጆች ብዙ ናቸው። ካየቻቸው ሁሉ ስለ አንድ ልጅ ጻፈች። የታች ክራንቻ ጥርሱ በአንድ በኩል የለም፤ በሌላ በኩል ደግሞ የበቀለው ቋሚ ጥርስ ትንሽና ጎርባጣ ነው። አብራት የምትሠራው ባለሙያ በተፈጥሮ የመጣ ጉድለት መስሏት ልትመዘግብ ነበር። እርሷ ግን ብዕሩን ያዘችባትና ወደ እናቱ ዘወር ብላ በአማርኛ፣ ሕፃን ሳለ ግግ ወጥቶለት እንደሆነ ጠየቀች። እናትየው ዝም አለች። ከቆይታ በኋላ ልጁ አንጀቱ ተንጦ፣ ትኩሳት ይዞት እንደነበር፣ ሰዎችም ድዱ ላይ ያበጠውን አሳይተው ይሄ ነው የሚገድለው እንዳሏት ነገረቻት። ያበጠው ሊወጣ የተዘጋጀው ክራንቻ ነው፤ ሲፈለቅም ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ እምቡጥ ይጎዳል። እኅታችን ልጁን አልገሠጸችም፤ እናቱንም አልወቀሰችም፤ የታናሽ እኅቱን ቀጠሮ ያዘችላቸው።

መልስ 17 የአገርን ባህል ለፈረንጅ አሳልፎ የሚሰጥ ትውልድ እያለ ወረደባት። አንብቦ ሳይጨርስ እንደጻፈ ያስታውቃል። መለሱለት ድሬሰሩ አባት ናቸው፤ 18 የእርሳቸው ነው። በምስማር ድዱ ተፈልቅቆ መግል የያዘ ሕፃን በእጃቸው እንደሞተ በሁለት መስመር ጻፉ። ከዚያ በኋላ 17 አልተመለሰም።

መልስ 19 የወንጂ ልጅ ነው፤ አባቱ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ ነበሩ። እርሱም በካምፑ የጉድጓድ ውኃ ነው ያደገው። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፣ ብዙ ጊዜ እጅግ ያልፋል። ልጅነቱን በዚያ ያሳለፈ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። አሜሪካ ሲመጣ መጀመሪያ የሄደበት ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ባለሙያ አርባ ደቂቃ በሙሉ ስትፍቀው ዋለች። ቡናማው አልለቀቀም። ሲጋራ ታጨሳለህ ብላ ጠየቀችው፤ አላጨስም አለ፤ አላመነችውም። የት እንዳደገ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ በእጁ ይሸፍናል።

ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የመቂ ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ያንኑ አድርጌአለሁ። የአገሬን ሰው! ማለስለሻውን እየቀያየርኩ የፊት ጥርሱን ስፈትግ እርሱ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ጣሪያ ያይ ነበር። ምን ይሆን ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ሰዓቱን ነበር የማየው።

መልስ 20 ለጥያቄዬ በዝርዝር የመለሰች ብቸኛዋ ሰው ትመስለኛለች። ሃያ ዓመት የሠራች ናት፤ ግማሹን በግል፣ ግማሹን በሕዝብ። ቨርጂኒያ የሕዝብ ጤና ቢሮው የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዎች ሐኪሙ ርቆ ሳለ እንዲሠሩ በ2009 በሦስት ወረዳዎች ሞክሮ፣ በ2012 በመላው ግዛት እንደፈቀደ፣ የካውንቲው ሥራም በዚህ ደንብ የሚሄድ መሆኑን አስረዳች። ከዚያ ስለ ሰውነት ጻፈች። ታጣፊው ወንበር፣ መብራቱና መምጠጫ ማሽኑ በአንድ ላይ ከባድ ነው፤ አሳንሰር የሌለው ትምህርት ቤት አለ፤ በጥር በረዶ ላይ የምትጎትቺው አንቺ ነሽ። በግል ክሊኒክ አንገትና የእጅ አንጓ ይሄዳል፤ በሕዝብ ወገብ ይሄዳል፤ ምርጫሽ የትኛውን ታወጫለሽ ነው። ልጅ ይነክሳል። ልጅ ያስመልሳል። መንጋጋውን ሸፍነሽ ሳትጨርሺ ምላሱ መጥቶ ያረጥበዋል፤ ከረጠበ አይያዝም፤ እንደገና ትጀምሪያለሽ። በሥርዓት ከተያዘ ግን ሽፋኑ በሁለት ዓመት ውስጥ በኋለኞቹ ጥርሶች ሊመጣ ከሚችለው መቦርቦር 80 በመቶውን እንደሚከላከል የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያስቀመጠውን ጠቀሰች።

ዋናው ምክሯ ከዚህ በኋላ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ደመወዝ ከመጠየቅሽ በፊት የተቦረቦረ ሳገኝ ወዴት ነው የምልከው ብለሽ ጠይቂ አለችኝ። እርሷ መጀመሪያ በገባችበት ቦታ መልስ አልነበረውም። ቀዳዳ ታገኛለች፤ ለወላጅ የሚሄድ ወረቀት ትጽፋለች፤ ወረቀቱ ከልጁ ቦርሳ ሥር ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ይከርማል። በዓመቱ ስትመለስ ያው ልጅ፣ ያው ጥርስ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ። የአንዲት ልጅ ቀዳዳ ለሦስት ዓመት እየሰፋ ሲሄድ አየች፤ በአራተኛው ዓመት ጥርሱ የለም። በኋላ የተቀጠረችበት ክሊኒክ ወረቀቱን ትቶ ለእናቶቹ ስልክ የሚደውል ሰው መደበ። ቨርጂኒያም ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ለአዋቂዎች የሜዲኬይድ የጥርስ ሕክምና ስለሰጠች፣ ልጇን ይዛ የምትመጣው እናት ራሷም ወንበሩ ላይ መቀመጥ ጀመረች። ከብር ማዕድን ስለሚሠራው ውሁድም አነሣች፤ የተቦረቦረውን ሳይሰረሰር የሚያቆም ፈሳሽ ነው፤ ግን ቀዳዳውን ያጠቁረዋል። አስቀድመሽ ካላስረዳሽ እናት ልጄን አበላሻችሁብኝ ብላ ታለቅሳለች፤ አስረዳሁ ብለሽም በእንግሊዝኛ ከሆነ አላስረዳሽም።

መልስ 21 ከጆሐንስበርግ ነው፤ ባለ ሱቅ። ልጁ በዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሙያ ለሦስት ዓመት ተምራ ተመርቃለች፤ የሕዝብ ሆስፒታል ለመግባት ፈልጋ ክፍት ቦታ እስኪገኝ ብላ የግል ገብታለች። እኛ ከግል ወደ ሕዝብ ልውረድ ወይ ብለን ስንከራከር እርሷ መውረጃ አጣች ብሎ ሳቀ። አጭር ነበር።

መልስ 22 ላይ ቁጥር 4 ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም። ሐኪም መሆን ይሻላል የሚለው ሐሳቡ አልተለወጠም። ግን በራሱ ጊዜ ይህን ትምህርት ጀምሮ ነበር። የእጅ ልምምዱ ላይ በወሰን የተቀመጠውን የታካሚ ቁጥር ማሟላት አቃተው፤ ወንድ ስለሆነ የሚያምነው ሰው እንዳጣ፣ ዘመዶቹም አፋቸውን ሊከፍቱለት እንዳፈሩ ጻፈ። በሁለተኛው መንፈቅ አቋርጦ ወጣ። ሰማያዊው የመሣሪያ ቦርሳው እስካሁን ቁም ሣጥኑ ላይ አለ፤ ያኔ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎበታል። ከሥሩ አንድ ሰው ያልተማረ አጣቢ ብሎ አላገጠበት። ያ ነውር ነው፤ አስተዳዳሪው ቢሰርዘው ደስ ይለኝ ነበር። ለቁጥር 4 ለብቻው ጽፌለታለሁ። አሁን ፈተናው በፕላስቲክ ጭንቅላት ላይም ይሰጣል፤ የአክስት ልጅ መለመን ቀርቷል።

መልስ 23 የራሴ ነው። ካውንቲው ክሊኒክ አንድ ቀን ገብቼ እንድመለከት ፈቀዱልኝ። ወረፋ ከያዙት ስድስት ሰዎች መካከል አንዲት እናት ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ነጠላቸውን አላወለቁም። ባለሙያዋ የላይ ከንፈራቸውን ቀና ስታደርግ ድዳቸው ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ደነገጠች። ጥቁረት በድድ ላይ ሲታይ ከሚፈሩት ነገሮች አንዱ ካንሰር ነውና ናሙና ለማስወሰድ ወረቀት ማዘጋጀት ጀመረች። እኔ ለማየት ብቻ የመጣሁ ነኝ፤ እጄን እንዳላስገባ ተነግሮኛል። ከጀርባ ቆሜ፣ እማማ፣ ንቅሳቱን ማን ነቀሰልዎ አልኩ።

ሴትየዋ አፋቸው ውስጥ መስተዋት እያለ ሳቁ። መስተዋቱ ሲወጣላቸው ከጎንደር በላይ ያለ አገራቸውን፣ ነቃሿን፣ በስንት አሞሌ እንደተነቀሱ፣ እናታቸው ሲያብጥባቸው ምን እንዳጠጧቸው አንድ በአንድ ነገሩኝ። ባለሙያዋ እየተረጎምኩላት ወረቀቱን ቀደደችው። ቀጠሮው ለአንድ ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱ ሳያልቅ 28 ጥርስ ተለክቶ፣ ሁለቱ ላይ ስድስት ሚሊሜትር የሚጠልቅ ኪስ ተገኝቶ፣ ለሐኪሙ ተላልፏል። ወደ ውጭ ስንወጣ ሴትየዋ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ሥራሽ ምንድን ነው አላሉኝም፤ ምናልባት ያወቁት መስሏቸዋል።

ስለ ቁጥር 20 ጥያቄም ጠይቄአለሁ። የሚደውል ሰው አላቸው፤ ግን ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው፤ አማርኛ አይችልም። ማመልከቻዬን አርብ አስገባሁ።

ከ24 በኋላ ያሉት እንኳን ደስ አለሽና መልካም ዕድል ናቸው። 27 ላይ ግን ቁጥር 14 ተመልሳ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ልምጭ መፋቂያ የት ይገኛል ብላ ጠየቀች። 28 አንድ የሐበሻ ሱቅ ጠቆመ። 29 ያ ሱቅ ያለው ወይራ ብቻ ነው፣ እርሱም የደረቀ ነው አለ። 30 አስተካከለ፤ ዐሙስ ዐሙስ ትኩስ ይገባል፤ እስሩ አምስት ዶላር ሆኗል፤ ሰኞ ግን ዝግ ነው።